ዓሣና ሽንኩርት በሊዬዥ ከተማ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ሞፕቲ፣ ከወደቡ በላይ ላለው ቤታችን፦

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓሣ ስታደርቂ ጭሱ የሚያስለቅሰው ዓይንሽስ ተሻለው? አባባ ደኅና ናቸው? ወገባቸውን ያማቸው ነበር፣ ለቀቃቸው? ወንድሜ ባካይ ደኅና ነው? ልጆቹስ? ወንዙስ እንዴት ነው፣ ሞልቶ ወረደ ወይስ ገና ነው? ጀልባዎቹስ? መረቡስ? ከብት የለንም እንጂ ስለ ከብቶቹም እጠይቅሽ ነበር። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ጤናዬ ሙሉ ነው፣ ማደሪያዬ ይሞቃል፣ ትምህርቴንም ጀምሬያለሁ። ግን ደኅና ነኝ ብዬ የምዘጋው ደብዳቤ አይደለም፤ ብዙ የማወራሽ አለኝና ተመቻችተሽ ተቀመጪ።

ቃዲያ፣ የወንድሜ ሚስት፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አንድ ቃል እንዳትዘልዪ። ስድቡ ላይ ስትደርሺ አፍሽን በሻሽሽ ሸፍነሽ ልታልፊው እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። አይሆንም፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

እማዬ፣ የተለየሁሽ ዕለት ወደቡ ላይ ቆመን ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ስለ ብርዱ የምትመክሪኝ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን እጄን ጭብጥ አድርገሽ፣ «ለብርዱ ልብስ አለ፣ ለሆድሽም ሩዝ አይጠፋም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው፤ እዚያ አገር ማን ይሰድብሻል? የሚሰድብሽ ካጣሽ ትደርቂብኛለሽ» አልሽኝ። አጠገብሽ የነበረው ሽንኩርት ሻጩ ዶሎ፣ ያ የገደል ልጅ፣ «ይቺን የዓሣ ቅርፊት ማን ተጠግቶ ይሰድባታል? ፈረንጁ አፍንጫውን ይዞ ይሸሻታል እንጂ!» ብሎ ወደቡን ሁሉ አሳቀብኝ። አንቺም «ዝም በል አንተ ውሃ ፈሪ፣ በሽንኩርት ያደግህ ባሪያዬ!» አልሽው። እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። እሱ የገደል ላይ ገበሬው የዶጎን፣ አንቺ የወንዝ ዓሣ አጥማጁ የቦዞ ልጅ ሆናችሁ በየማለዳው ሳትሰዳደቡ ገበያችሁ ተከፍቶ አያውቅም፤ እኔ ግን እንደ ወፍ ጫጫታ ስሰማው ስላደግሁ አስቤበት አላውቅም ነበር።

እዚህ አገር ሰው ሁሉ ጨዋ ነው። ጨዋነታቸው ሊገድለኝ ነበር። በር ከፍተው ይጠብቁሻል፣ ትከሻሽን ሳይነኩሽ ይቅርታ ይሉሻል፣ ዳቦ ሸጠውልሽ እንደገና ያመሰግኑሻል፤ ግን የማን ልጅ ነሽ፣ እናትሽ ደኅና ናት ወይ የሚል የለም። በመጣሁ ማግስት ከፊት ለፊቴ ካለው ክፍል ቤአትሪስ የምትባል ልጅ ስትወጣ አገኘኋትና እንደ ወጋችን ሰላም አልኳት። እንዴት አደርሽ፣ እንቅልፉ እንዴት ነበር፣ እናትሽ እንዴት ናት፣ አባትሽስ፣ ወንድሞችሽስ፣ የመንደሩ ሰውስ? ምስኪኗ ጨዋ ስለሆነች አንድ በአንድ ስትመልስልኝ አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ስታየኝ በሌላው ደረጃ መውረድ ጀመረች። አልፈርድባትም።

ወንዝ አላቸው፤ ሜዝ ይባላል። ዳር ዳሩን በድንጋይ ገንብተው አስረውታል። ልብስ የሚታጠብበት፣ ልጅ የሚያንቦጫርቅበት የለም። ከትምህርት ስወጣ ሄጄ ድልድዩ ላይ እቆምና አየዋለሁ። ትምህርቱ ግን እንዴት ደስ እንደሚል! ዓሣዎቹን በመስታወት ገንዳ ውስጥ አድርገው ነው የሚያስተምሩን፤ ወንዝ ሲጎድል እንዴት ተርፈው እንደሚባዙ ነው የምማረው። አባባ ወንዙ እየከዳን ነው እያሉ የሚያዝኑበትን ነገር መላ ይዤ ብመለስ ብዬ እመኛለሁ፣ ኢንሻአላህ። ቀን ቀን እንዲህ ተስፋዬ ይለመልማል። ማታ ክፍሌ ስገባ ግን ከሰው ጋር የተነጋገርኩትን ስቆጥር ይቅርታና አመሰግናለሁ ብቻ ይሆንብኛል። አንቺ ያልሽው ደረሰ፤ መድረቅ ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ በጣም ሲከፋኝ የሰጠሽኝን በጭስ የደረቀ ዓሣ አወጣሁና የጋራ ማብሰያ ቤቱ ገብቼ ከሩዝ ጋር ሠራሁት። ሽታው ፎቁን ሞላው። ተማሪዎቹ በጨዋ ደንብ መስኮት ከፈቱ። ወዲያው በሩ ብርግድ አለና አንድ ረጅም ጥቁር ሰው አፍንጫውን አስቀድሞ ገባ። «ሞፕቲን ጠቅልሎ እዚህ ያመጣት ማነው?» አለ። የአገሬ ሰው መሆኑን ሳውቅ ጭልፋው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ስሜን አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ የቤተሰቤን ስም ነው። ካራቤንታ አልኩት። አንተስ ስለው ካሶጌ አለኝ፤ አቲሜ ካሶጌ፣ ከገደሉ አገር ከባንዲያጋራ። ዶጎን!

ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «አላህ ሆይ! ባሪያህ ጠፋች፣ ባሪያህ ኮበለለች ሲሉኝ ለካ እዚህ ተደብቃ ኖሯል! ማን ፈቅዶልሽ ነው ባሕር የተሻገርሽ? ነገ በጠዋት አስሬ ለአባትሽ እመልስሻለሁ፤ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ያወጣሁብሽን!» ብሎ ጮኸ። እኔስ ምን በወጣኝ ዝም እላለሁ? «አንተ የገደል እንሽላሊት፣ ኩሬ ባየህ ቁጥር ጉልበትህ የሚብረከረክ! አያቶችህ በረኃብ ሲያልቁ ማን አበላቸው? እመቤትህ ስትገባ ቆመህ አትቀበልም?» አልኩት። «ግብሬን አምጪ» ብሎ ድስቱን ሳበና ከዓሣው እኩሌታውን በእጁ ጠረገው። ባምባራው ሲያልቅብን በፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ሲያልቅብን በባምባራ ሆነ። እስኪያመኝ ሳቅሁ። ቤአትሪስና ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ሹካቸውን እንደያዙ ደርቀው ያዩናል። እኛ አላየናቸውም። ያን ማታ አገሬ እንዳለሁ ሆኜ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ «ባሪያዬ ቁርሷን በልታለች?» የሚል ጩኸት ካልሰማሁ አልወጣም። አውቶቡሱን ያሳየኝ እሱ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ክፍል በክፍል ያዞረኝም እሱ ነው። እሑድ ወንዙ ዳር በሚቆመው ገበያ ወስዶ ካፖርት መረጠልኝ፤ ለሻጩ «ለዚች ባሪያዬ ወፍራም ነገር ፈልግላት፤ በብርድ ከሞተችብኝ ከሳሪው እኔ ነኝ» ሲለው ሰውዬው ወደየት እንደሚያይ ጠፋው። አቲሜ የግድብ ሥራ ተማሪ ነው። የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ካስረከበ አገሩ ገብቶ በየመንደሩ ለሽንኩርት ማሳው ውሃ የሚይዝ ግድብ ሊሠራ ነው። ወንድሞቹ ድንጋዩን ከወዲሁ እየከመሩ ይጠብቁታል።

እንግዲህ የማደሪያችን ኃላፊ ማዳም ኮሊኞን ይባላሉ። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ ሴትዮ ናቸው። አንድ ቀን አስጠሩኝና በሩን ዘግተው ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ፣ የሶፍት ካርቶን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ከዚያ ስለ አቲሜ ጠየቁኝ። እኔ ሞኟ ስለ ወገኔ የሚጠይቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ፊቴ በራ! እዚህ ከመምጣትሽ በፊት ታውቂው ነበር ወይ አሉኝ፤ በዓይኔ አይቼው አላውቅም አልኳቸው። አስሬ ወደ አገርሽ እመልስሻለሁ ብሎሻል ወይ አሉኝ፤ በየቀኑ አልኳቸው። ምግብሽን ይወስድብሻል ወይ አሉኝ፤ አዎን፣ ያገኘውን ሁሉ አልኳቸው። ለምን አትከለክይውም ሲሉኝ መከልከል አይፈቀድልኝም አልኳቸው። ባሪያዬ ሲልሽስ ዝም ትያለሽ ሲሉኝ «ኧረ በጭራሽ! ባሪያው እሱ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው እንደ ኖራ ነጣ። እኔ ግን ሻዬን ጨርሼ፣ አመስግኜ፣ እያፏጨሁ ወጣሁ።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ጩኸት የለም። የአቲሜ ክፍል ተቆልፏል። ስጠይቅ ለጊዜው ሌላ ቦታ እንዲያድር ተደርጓል፣ እኔን እንዳያናግረኝና እንዳይቀርበኝ ታዟል፣ ሐሙስ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል አሉኝ። ጥፋተኛ ከተባለ ከዩኒቨርሲቲው ይባረራል። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ውሃ የሚጠብቅ ማሳ! አንድም ሰው በውሸት አልከሰሰውም እማዬ። እውነቱን በገዛ አፌ ተናግሬ ያስከሰስኩት እኔ ነኝ።

ወደ ማዳም ኮሊኞን ሮጥኩ። ቀልድ ነው፣ የአያት የቅድመ አያት ወግ ነው አልኳቸው። እጄን ያዙና «ልጄ፣ የፈሩ ልጆች ሁልጊዜ ቀልድ ነው ይላሉ» አሉኝ። ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ማደሪያ አንዲት ልጅ ምንም አልሆንኩም፣ እየቀለደ ነው ስትላቸው አምነዋት ኖሮ፣ በኋላ ሆስፒታል ተሸክመው ነው የወሰዷት። ልቆጣቸው ብዬ ሄጄ ልቆጣቸው አልቻልኩም። ደግሞስ ያ ቃል ቀላል ቃል ነው? እኛንስ ሌላ ሰው ቢለን ደም ያፋስስ የለም?

ረቡዕ ዕለት አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ አቲሜን ከመንገዱ ማዶ አየሁት። አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማዬ፣ ዶሎ ወደቡ ላይ አይቶሽ ሳይሰድብሽ ፊቱን ቢያዞርብሽ ምን ትሆኛለሽ? እኔ ሰው የሞተብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

ሐሙስ ደረሰ። ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ መሃል፣ አንዲት ወጣት የሕግ ሴት በቀኝ፣ አንድ ዝምተኛ ሰው በግራ። ማዳም ኮሊኞን ከጎኔ ናቸው። አቲሜ ሙሉ ልብስ ለብሶ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ከስቷል። ልብሱ የሌላ ሰው መስሏል።

እንድናገር ጠየቅሁና የልጅነት ተረታችንን አወራኋቸው። በረኃቡ ዘመን ዶጎኑ ሊሞት ሲል ቦዞው ዓሣ አጥቶ ከገዛ ጭኑ ሥጋ ቆርጦ፣ ጠብሶ እንዳበላው፣ ከዚያ ወዲህ ደማችን አንድ ስለሆነ እንደማንጋባ፣ እንደማንጣላ፣ የተጠያየቅነውን እንደማንከለካከል፣ ስድቡም ያ እንዳይረሳ መሆኑን ነገርኳቸው። የሕጓ ሴት «የምን ሥጋ?» አለችኝ። የጭን አልኳት። ሽማግሌው የያዙትን ብስኩት ቀስ አድርገው ሳህኑ ላይ መለሱት። ያኔ እንዳልገባቸው አወቅሁ፤ እንዲያውም ነገሩን አባስኩት።

አቲሜን ምን ትላለህ አሉት። «የተባለውን ሁሉ ብያለሁ። እንዳላናግራት ስለታዘዝኩ ከዚህ በላይ አልናገርም» አለና አንገቱን ደፋ። ያ ፎቁን በጩኸት የሚሞላው ሰው! እንባዬ ቅርብ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መጣ። ማዳም ኮሊኞን ሶፍት ይዘው ተነሡ። የሕጓ ሴት ሽማግሌውን አየት አደረገቻቸው፤ «ይኸው ፍርሃቷ» ማለቷ ነው። ማልቀሴ እንደሚያስፈርድበት ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ የባሰ አለቀስኩ። ላቆም ብዬ ብታገልም እንባዬ አልቆም አለኝ።

ቀና ስል አቲሜ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ያየኛል። አፉን ከከፈተ በዳኞቹ ፊት ትእዛዝ መጣሱ ነው፤ ትምህርቱም ግድቡም ያኔውኑ አበቃ። ደግሞ ዶጎን ሆኖ ቦዞ ስታለቅስ ዝም ብሎ ማየት እንዴት ይችላል? ብድግ አለ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺ ሴት ቦዞ ናት። አሁኑኑ ካላስቆምናት ይህ ቤት በውሃ ይሞላል፤ እኔ ደግሞ ዋና አልችልም» አለ።

ሳቄ ከእንባዬ ጋር በአፍንጫዬ ሳይቀር ወጣ፣ ይቅር በይኝና። «ስትሰጥም ቆሜ ላይህ ነው የምፈልገው፣ አንተ የገደል እንሽላሊት!» አልኩት። «እሰጥማለሁ፤ ግን ያን ዓሣዬን ሌላ ሰው እንዳይበላብኝ አደራ» አለኝ። «አልቋል! ጭንቅላቱን ብቻ አስቀምጬልሃለሁ፤ የጎደለህ እሱ ስለሆነ» አልኩት። የት እንዳለን ረሳን። ሲከለከል የሰነበተው ስድብ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሮን ቆምን።

ማዳም ኮሊኞን ሶፍቱን እንደያዙ ቆመው ፊቴን ያያሉ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡና «ፍርሃትን አውቀዋለሁ። ይህ ፍርሃት አይደለም። ስብሰባውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ እንዲዘጋም የምጠይቀው እኔ ነኝ» አሉ። የሕጓ ሴት አንድ ነገር ልትል ስትል ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። እናታቸው ደን ከለበሰ ተራራ ላይ ካለ መንደር ነበሩ አሉ። የጎረቤቱ መንደር ሰዎች የእነሱን መንደር ሰዎች የአይብ ሌቦች ይሏቸው ነበር፣ እነሱ ደግሞ ያኞቹን እንቁራሪቶች ይሏቸው ነበር። «እናቴን የቀበርን ዕለት እንቁራሪቶቹ መጡና መቃብሩ ላይ ‹እንግዲህ አይባችን ሰላም አገኘ› አሉ። ያን ቀን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው» አሉ። ብስኩታቸውን መልሰው አነሡ።

አቲሜ በማግስቱ ክፍሉ ተመለሰ። የታዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለፎቁ ሰው ነገሩን እንድናስረዳ። አስረዳንም። ሽንኩርቱን እሱ ከተፈ፣ ዓሣውን እኔ ከገበያ ገዝቼ አመጣሁ፣ በትልቁ ድስት ሾርባ ሠርተን ሁሉንም ጠራን። ሲከትፍ ዓይኑ እያነባ «ባሪያዬ እያለች ጌታዋ ይከትፋል!» ይላል። ቤአትሪስም መጣች፤ ማዳም ኮሊኞን ዘንድ ሄዳ የተናገረችው እሷ ኖራለች፤ ለእኔ ፈርታ። አቅፌ ሳምኳት። ሰው በማያውቀው ሰው ላይ ጥቃት ሲያይ ዝም አለማለቱን እኔም ከእሷ ተማርኩ። አሁን ጧት ጧት ቀደም ብላ ትወጣና «እናትሽ እንዴት ናት?» ትለኛለች። እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። ስለዚህ ቶሎ ጻፊልኝ፤ የምመልስላት ወሬ አልቆብኛል።

ትናንት ደግሞ በሬ ተንኳኳ። ማዳም ኮሊኞን ናቸው፤ ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «ይፈቀድልኛል?» አሉ። ምኑ ብዬ ሳልጠይቅ ዞር ዞር ብለው አዩና በሹክሹክታ «አንቺ... ዓሣ ዓሣ የምትሸቺ!» አሉኝ። ወዲያው ደንግጠው ይቅርታ፣ ይቅርታ እያሉ ደረጃውን በሩጫ ወረዱ። ከላይ ሆኜ «ገና ነዎት፤ ይለማመዱ!» አልኳቸው። ሳቃቸው እስከ ታች ተሰማኝ።

በሉ ሰላምታዬን አዳርሱልኝ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ በብርድ ወደ ወንዝ እንዳይወርዱ። ባካይን መረቡን እንዲጠግን፣ እኔ የለሁም ብሎ በተቀደደው እንዳይወጣ ንገሪው። ቃዲያ፣ አንባቢዬ፣ አንድ ቃል እንዳልዘለልሽ አምንሻለሁ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አክስቴ ሲራን ካፖርቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንደሚደርስ ንገሩልኝ፤ ብርዱን ፈርታልኝ ነበር። ለዶሎ ደግሞ አቲሜ ካሶጌ «የባሪያዬን እናት ደኅና አድርገህ ጠብቅልኝ» ብሎሃል በሉት፤ የሚመልሰውን ስድብ ሳይቀንስ ይላክልኝ። ሰው ሲመጣ በጭስ የደረቀ ዓሣ ላኪልኝ፤ እጥፍ አድርጊው፤ እኩሌታው ልከለክለው ለማልችለው ሰው ነው።

አንቺም እማዬ፣ ከእንግዲህ ስለ እኔ ስታስቢ አትደሪ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኚ። እየተሰደብኩ ነው።

ልጅሽ ቴኒን ካራቤንታ
ሊዬዥ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.